ከመንጠቆው ወደ ኋላ፦ ሙስኪን በቁም ዓሣ ለማጥመድ የሚመረጡ ዕቃዎች

ኦክቶበር ሲገባ በሰሜን ዊስኮንሲን ያሉ የዓሣ ማጥመጃ መደብሮች ገንዳቸውን በሰከር ይሞላሉ። ሰከር አፉ ወደ ታች የዞረ፣ ከሐይቅና ከወንዝ ወለል እየለቀመ የሚበላ፣ ለሰው ማዕድ እምብዛም የማይፈለግ ዓሣ ነው። በዚህ ወቅት ግን ከ12 እስከ 18 ኢንች (ከ30 እስከ 45 ሳንቲሜትር) የሚረዝመው ሰከር ገበያው ይደራል፤ የሚገዛው ሙስኪ የተባለውን ትልቅ አዳኝ ዓሣ ለማጥመድ ነውና። ገዢው ሰከሩን አስመርጦ ካስወጣ በኋላ ወደ ዘንጎቹ ይዞራል። ብዙ ገንዘብ የሚወጣውም፣ ብዙ ክርክር የሚነሳውም እዚያ ነው፤ የዘንጉ ርዝመት፣ የካርቦኑ ዓይነት፣ ክሩ የሚጠቀለልበት ሪል ስም። መንጠቆውን ሊከፍል ሲል ከመደርደሪያ ላይ ብድግ ያደርገዋል።

ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል ባይ ነኝ። ሙስኪ የቁም ዓሣውን ከነከሰበት ቅጽበት አንስቶ እስኪያዝ ያሉትን ጥቂት ሰከንዶች የሚወስነው የመንጠቆው አሠራር ነው። ሪሉ የሚመረጠው ለዚያ መንጠቆ እንዲመች ተደርጎ ነው፤ ዘንጉ ደግሞ ለሁለቱም። ከዘንጉ የጀመረ ሰው ውድ ዘንግ ይዞ ጫፉ ላይ ዓሣ ገዳይ መንጠቆ ሊያስር ይችላል፤ ይህ ደግሞ በሙስኪ ጊዜ እንደ ቀላል የሚታለፍ ጥፋት አይደለም።

ሙስኪ፣ በሙሉ ስሙ መስከለንጅ፣ የፓይክ ቤተሰብ የሆነ በሰሜን አሜሪካ ብቻ የሚገኝ አዳኝ ዓሣ ነው። በቆሮሶና በአምባዛ ያደገ አንባቢ በአገር ቤት ውሃ አቻ አያገኝለትም። አካሉ ረጅም ነው፤ አፉ ጠፍጣፋ፣ መንጋጋው አጥንታም፣ ጥርሱ በመቶ የሚቆጠር። ከ50 ኢንች (127 ሳንቲሜትር) በላይ ይረዝማል፤ ለዚህ መጠን ለመድረስ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ጥሩ በሚባል ሐይቅ እንኳ በአንድ ኤከር ውሃ ውስጥ ብዙ ጊዜ አንድ ጎልማሳ ሙስኪ አይደርስም። አሥር ሺህ ጊዜ ተወርውሮ አንዴ የሚያዝ ዓሣ የሚል ስም የወጣለት ለዚህ ነው። ዊስኮንሲን እ.ኤ.አ. በ1955 የግዛቷ ዓሣ አድርጋዋለች (ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የክብረ ወሰኑ ጉዳይ ግን እስከ ዛሬ አልለየለትም፤ ዓለም አቀፉ የስፖርት ዓሣ አጥማጆች ማኅበር ካል ጆንሰን በ1949 ያጠመደውን 67 ፓውንድ ተኩል ሲቀበል፣ ሄይዋርድ ከተማ ያለው የንጹሕ ውሃ ዓሣ ማጥመድ ዝነኞች አዳራሽ ደግሞ ሉዊ ስፕሬይ በዚያው ዓመት ያጠመደውን 69 ፓውንድ ከ11 አውንስ ይዟል። ሁለቱም የተያዙት በዚያችው በሄይዋርድ አካባቢ ነው፤ ከተማው ውስጥ ነገሩን አንስቶ ሳይከራከሩ መውጣት አይቻልም።

ለአማርኛ አንባቢ ይህ ሁሉ የሩቅ ወሬ አይደለም። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ዙሪያ የሚኖረው ሐበሻ ብዙ ነው፤ ዋይት ቤርና ሚኒቶንካ የተባሉት የሙስኪ ሐይቆች ደግሞ ከእነዚሁ ከተሞች በመኪና ብዙ አይርቁም። ሙስኪን ይዞ መልሶ የመልቀቅን ልማድ ካስፋፉት ማኅበራት ዋነኛው፣ ሙስኪስ ኢንክ፣ በጊል ሃም መሪነት በ1966 የተመሠረተውም እዚያው ሴንት ፖል ነው። ዛሬ ሚኒሶታ ውስጥ ከ54 ኢንች ያነሰ ሙስኪ በአብዛኛው ሐይቅ ላይ ወደ ውሃው መመለስ አለበት፤ የሚበልጠውንም ቢሆን የሙስኪ ሰው የሚባል ወደ ቤቱ ይዞት አይሄድም። እንግዲህ የዕቃ ምርጫው ጥያቄ እንዴት ይያዛል የሚል ብቻ ሳይሆን እንዴት ተይዞ በሕይወት ይመለሳል የሚልም ነው።

ለምን በልግ ላይ፣ ለምንስ የቁም ዓሣ? በበጋ ሙስኪ ፈጣን ነው፤ የሚሽከረከርና የሚያብለጨልጭ ሰው ሠራሽ ማታለያ ያባርራል። የውሃው ሙቀት ከ60 ዲግሪ ፋራናይት (ከ15 ዲግሪ ሴልሺየስ) በታች ሲወርድ ሰውነቱ ይቀዘቅዛል፤ ግን ክረምቱ ከመግባቱ በፊት በተለይ ሴቷ ለቀጣዩ ጸደይ ዕንቁላል ስለምታዘጋጅ መብላት አለባት። ብዙ ሳትሮጥ አንድ ትልቅ ጉርሻ ማግኘት ትፈልጋለች። ከጀልባው ጎን ቀስ እያለ የሚዋኝ ሰከር ይህንን ያሟላል። ማታለያውን እስከ ጀልባው ድረስ ተከትላ መጥታ ፊቷን ያዞረች ሙስኪም ብዙ ጊዜ ዞር ስትል የምታገኘው እሱኑ ነው።

አሁን ወደ መንጠቆው። አሮጌው ዘዴ ቀላል ነበር፤ አንድ ትልቅ መንጠቆ በሰከሩ አፍንጫ ወይም ከንፈር ይሰካና ሙስኪው ሲነክስ ክሩ ይለቀቅለታል። ከዚያ መጠበቅ ነው። ሙስኪ የሚያድነውን ዓሣ መጀመሪያ መሐል ወገቡን በአግድም ነክሶ ይይዘዋል፤ ቀጥሎ አዙሮ ከራሱ በኩል ይውጠዋል። አንድ መንጠቆ አፍንጫው ላይ ብቻ ስለሆነ አጥማጁ ቶሎ ቢጎትት ሰከሩን ከዓሣው አፍ ነጥቆ ይወስዳል፤ ስለዚህ እስኪዋጥ አሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይቀመጣል። ሲጎትት መንጠቆው ሆድ ውስጥ ነው። አጥማጁም ክሩን ቆርጦ ዓሣውን ይለቅና "ሲዋኝ ሄዷል" ብሎ ይጽናናል።

መዋኘቱ እውነት ነበር፤ ተርፏል የሚለው ግን አልነበረም። በዊስኮንሲን ተካሂዶ በ2007 የታተመው የቴሪ ማርገኖ ጥናት በዚህ ዘዴ የተያዙና የተለቀቁ ሙስኪዎችን ተከታትሎ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት 22 ከመቶው፣ እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ደግሞ 83 ከመቶው እንደሞቱ አሳይቷል። ከሁለቱ ቁጥሮች ይበልጥ የሚያስደነግጠው በመካከላቸው ያለው ርቀት ይመስለኛል። ሆድ ውስጥ የቀረ ብረት ዓሣውን የሚገድለው ቀስ ብሎ፣ አጥማጁ በማያይበት ወር ነው፤ ልማዱም ያን ያህል ዘመን የቆየው ጥፋቱ ስላልታየ ነው። ዊስኮንሲን ስምንት ኢንችና ከዚያ በላይ የሆነ ዓሣ ማጥመጃ አድርጎ የሚጠቀም ሰው ሲነከስ ወዲያው የሚነጠቅበትን ኩዊክ-ስትራይክ ወይም ጎኑ ያልተጣመመ ክብ መንጠቆ እንዲያስር በደንቧ አስገብታለች።

ኩዊክ-ስትራይክ ማለት ስሙ እንደሚለው ወዲያው የሚመታ ማለት ነው። ሁለት ባለሦስት አፍ መንጠቆዎች በአጫጭር ሽቦ ተያይዘው አንዱ ከሰከሩ ራስ አጠገብ፣ ሌላው ከጀርባ ክንፉ ጀምሮ ወደ ኋላ ይቀመጣሉ። ሙስኪው መሐል ወገቡን ሲነክስ ከሁለት አንዱ መንጠቆ አፉ ውስጥ ነው፤ እስኪዋጥ መጠበቅ አያስፈልግም። ሐሳቡ አሜሪካ የተወለደ አይደለም። እንግሊዛዊው የፓይክ አጥማጅ አልፍሬድ ጃርዲን በ19ኛው መቶ ዘመን በስሙ የሚጠራውን ባለሁለት መንጠቆ ማሰሪያ አስለምዶ ነበር። የሚያስገርመው የሐሳቡ አገር አውሮፓ ዛሬ የቁም ዓሣን እያገደች መሆኗ ነው፤ በጀርመን፣ በኔዘርላንድስ፣ በስኮትላንድና በአየርላንድ ዓሣን በሕይወቱ መንጠቆ ላይ ማድረግ ክልክል ስለሆነ ፓይክ የሚጠመደው በሞተ ዓሣ ነው። ክርክሩ አንድ ቀን አትላንቲክን ተሻግሮ ቢመጣ አልደነቅም።

የኩዊክ-ስትራይክ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ልዩነቱ ግን በአንድ ነጥብ ላይ ያርፋል፦ መንጠቆው ሰከሩ ላይ እንዴት ይጣበቃል? ርካሹ ዓይነት ከሦስቱ አፎች አንዱን በቀጥታ ቆዳው ውስጥ ይሰካል። ይሠራል፤ ችግሩ ሲነጠቅ መንጠቆው መጀመሪያ ከሰከሩ ሥጋ መላቀቅ አለበት፤ የጉልበቱ ግማሽ እዚያው ይቀራል። የተሻለው ዓይነት መንጠቆውን በትንሽ ላስቲክ ያስራል። ላስቲኩ በመርፌ በሰከሩ የአፍንጫ ቀዳዳዎች ወይም ከጀርባው ቆዳ ሥር ይገባል፤ መንጠቆው ላስቲኩ ላይ ይንጠለጠላል። ሲነጠቅ ላስቲኩ ይበጠስና ሦስቱም አፎች ነፃ ሆነው የሙስኪውን መንጋጋ ያገኛሉ። ሰከሩም ብዙም ስላልተወጋ ለረጅም ሰዓት በሕይወት ይዋኛል። በብርድ ቀን በደነዘዘ ጣት ላስቲክ በመርፌ ማስገባት ትዕግሥት ይፈትናል፤ ቢሆንም ከሁሉም የምመርጠው ይህንን ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ርቀቱ ነው። የፊተኛውና የኋለኛው መንጠቆ መራራቅ ከሰከሩ ርዝመት ጋር መሄድ አለበት። ለ12 ኢንች ሰከር የተሠራውን 18 ኢንቹ ላይ ያሰረ ሰው የሰከሩን ግማሽ አካል ያለ መንጠቆ ይተወዋል፤ ሙስኪው ደግሞ ያንን ግማሽ የማግኘት ልዩ ችሎታ አለው። ስለዚህ የኋለኛው መንጠቆ በሽቦው ላይ የሚንሸራተትና የሚስተካከል ቢሆን ይመረጣል። መጠኑ ከ1/0 እስከ 4/0 ባለው መካከል ይበቃል። ጀማሪ የሚሳሳተው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ትልቁ ነው፤ መንጠቆ በወፈረ ቁጥር አጥንታም አፍ ውስጥ ለመግባት የሚፈልገው ኃይል ይበዛል። ቀጭንና በሞረድ የተሳለ ይሻላል፤ ሲያስፈልግም በመቁረጫ በቀላሉ ይቆረጣል።

ክብ መንጠቆን በተመለከተ ሰው ተከፍሏል። ጫፉ ወደ ግንዱ ስለታጠፈ ሆድ ውስጥ እምብዛም አይወጋም፤ ክሩ ሲጠብቅ ተንሸራቶ የአፍ ጥግ ላይ ይያዛል። በባሕር ማጥመድ ውስጥ በሚገባ ተፈትኗል። የሙስኪ ችግር ግን የአነካከሱ ነው፤ በአግድም የነከሰውን ሰከር በጥርሱ አጥብቆ ስለሚይዝ መንጠቆው ሳይንሸራተት ከሰከሩ ጋር አብሮ ይወጣል፣ ወይም ዞሮ ሰከሩን ራሱን ይወጋል። ደግሞም በክብ መንጠቆ መንጠቅ የለም፤ ቀስ ብሎ መጠቅለል ብቻ ነው። የሙስኪ አጥማጅ እጁን መሰብሰብ አይችልም! ትናንሽ ሰከሮችን ለሚጠቀም ጥሩ አማራጭ ነው፤ ለትልልቁ በሁለተኛነት የምይዘው ነው።

ከመንጠቆው በላይ ሊደር ይመጣል፤ የሙስኪ ጥርስ ዋናውን ክር እንዳይቆርጠው የሚታሰረው ቁራጭ ነው። እዚህም ክርክሩ የሽቦና የፍሎሮካርበን ነው። ፍሎሮካርበን ውሃ ውስጥ እምብዛም አይታይም፤ ከ80 እስከ 130 ፓውንድ የሚችለው ውፍረቱ ጥርስ ይቋቋማል፤ ይቋቋማል ማለት ግን አይቆረጥም ማለት አይደለም። በእኔ ግምት መንጠቆዎቹን እርስ በርስ የሚያያይዘው ክፍል፣ አፉ ውስጥ የሚገባው ስለሆነ፣ ሁልጊዜ ሽቦ ቢሆን ይሻላል፤ ባለ ሰባት ወይም ባለ 49 ቀጫጭን ዘለላ ሽቦ ይተጣጠፋል፣ የሰከሩንም ዋና አያግድም። ከዚያ በላይ ያለው ሦስት ጫማ ያህል ፍሎሮካርበን ቢሆን ጉዳት የለውም። ቲታኒየም ውድ ነው፤ ስለማይጣመም ረጅም ጊዜ ያገለግላል። መሐል ላይ የሚገባው ስዊቭል (የሚሽከረከረው ማያያዣ) ባለ ኩሽኔታ ይሁን፤ ሰከር ሲዋኝ ስለሚሽከረከር ርካሹ ክሩን ይገምደዋል።

እርሳስና ተንሳፋፊ ብዙ አያነጋግሩም። ከጀልባው ሥር ለሚወርደው ሰከር አንድ ወይም ሁለት አውንስ እርሳስ ከሊደሩ በላይ ይበቃል፤ ራቅ ብሎ ለሚዋኘው የሚንሸራተት ተንሳፋፊ፣ ሲቸግርም የተነፋ ፊኛ። ዋናው ቁም ነገር ሰከሩ ሙስኪዎቹ ካሉበት ጥልቀት በላይ መሆኑ ነው፤ የሙስኪ ዓይን ወደ ላይ ነው የሚያየው፣ ከሥሩ ያለውን ብዙ ጊዜ ያልፈዋል።

ሪል ላይ ስንደርስ ገበያው ይሰፋል፤ ፍላጎቱ ግን ጠባብ ነው። ለሰው ሠራሽ ማታለያ የሚመረጥ ሪል ቀኑን ሙሉ የሚወረወርና የሚጠቀለል ስለሆነ ክብደቱና ፍጥነቱ ይታያል። የቁም ዓሣ ሪል ግን አብዛኛውን ቀን የሚያሳልፈው ዝም ብሎ በመቀመጥ ነው። ከእሱ የሚፈለገው ሲነከስ ክር ያለ ምንም ግግር መልቀቅ፣ ሲለቅም መጮህ ነው። ይህን ጩኸት የሚያወጣው ክሊከር የሚባለው ክፍል ነው፤ ሪሉ ክር እንዲለቅ ተከፍቶ ክሊከሩ ሲበራ ቀላል ተቃውሞ ብቻ ይቀራል። ሰከሩ ራሱ ክር አይስብም፤ ሙስኪ ሲስብ ግን ድምፁ ጀልባውን ሁሉ ያነቃል። የስዊድኑ አቡ ጋርሲያ አምባሳደር 7000 ለዘመናት በዚህ ሥራ የታወቀ ነው፤ ክብደቱን ማንም አያመሰግነውም፣ ቢሆንም መያዣ ላይ ለተቀመጠ ዘንግ ክብደት ምን ያደርጋል? ክር ቆጣሪ ያላቸው እንደ ሺማኖ ቴኮታና ዳይዋ ሲላይን ያሉት ደግሞ ሰከሩ ስንት ጫማ ላይ እንዳለ በቁጥር ያሳያሉ። አንዱ ሰከር በ12 ጫማ ላይ ከተነከሰ ሌላውንም እዚያው ማውረድ የሚቻለው በእነሱ ነው። ይህ ከብዙ የሪል ጌጥ የሚበልጥ ጥቅም ነው።

ክሊከር የሌለውን ሪል ይዞ አውራ ጣትን ክሩ ላይ አስደግፎ መቀመጥም ይቻላል፤ አንድ ሰዓት ይሆናል፣ ሁለተኛው ላይ ግን ብርዱ ያሸንፋል። ስፒኒንግ ሪል የለመደ ሰው ባይትረነር የሚባለውን የሺማኖ ዓይነት ሊያስብ ይችላል። እሱ ሁለት ፍሬን አለው፤ ከኋላ ያለው ማንሻ ሲከፈት ክሩ በቀላሉ ይሄዳል፣ መጠቅለያው አንዴ ሲዞር ዋናው ፍሬን ይገባል። ሥራውን ይሠራል። ከባድ ጉንጉን ክር ይዞ በኃይል ለሚነጥቅ ግን እንደ አምባሳደሩ ያለ ባለ ከበሮ ሪል የበለጠ ያስተማምናል።

ፍሬኑስ? ስህተት የሚበዛው ከልክ በላይ በማጥበቅ ሳይሆን በማላላት ነው። ሲነጠቅ ፍሬኑ ከተንሸራተተ መንጠቆው አጥንት ውስጥ ሳይገባ ይቀራል፤ አጥማጁ ግን ክሩ ሲወጣ ሰምቶ ትልቅ ዓሣ የያዘ ይመስለዋል። ክሩ ከሪሉ በእጅ ሲሳብ በጭንቅ የሚሄድ ይሁን። ዓሣው ጀልባው አጠገብ ሲደርስ ደግሞ በጥቂቱ ይላላ፤ ጉንጉን ክር ስለማይለጠጥ የመጨረሻው የሙስኪ ዝላይ መንጠቆውን ይነቅላል ወይም ዘንጉን ይሰብራል። ክሩ ከ65 እስከ 100 ፓውንድ ጉንጉን ቢሆን ይበቃል፤ 80ው መካከለኛው ነው። ዛሬ ለዚህ ሥራ ናይለን የሚጠቀም ጥቂት ነው፤ የሚለጠጥ ክር ሩቅ ያለ መንጠቆ አያስገባም።

ይኸው አሁን ወደ ዘንጉ ደረስን፤ ጥያቄው ግን ብዙ ቀልሏል። በየዘንጉ ላይ የተጻፈው የማታለያ ክብደት፣ ለምሳሌ ከ3 እስከ 10 አውንስ የሚለው፣ ለእኛ ትርጉም የለውም። የ15 ኢንች ሰከር ብቻውን ከአንድ ፓውንድ ይበልጣል፤ ይህም 16 አውንስ ነው። እንዲህ ያለው አይወረወርም፤ በጀልባው ጎን በቀስታ ይወርዳል፣ ቢበዛ በዝግታ ወደ ፊት ይገፋል። የወረወረው ሰው ሰከሩን በአንድ አቅጣጫ፣ መንጠቆውን በሌላ ያገኘዋል። ስለዚህ በመወርወር ችሎታቸው የሚሞገሱት ቀላልና ጠንካራ የካርቦን ዘንጎች እዚህ ብልጫቸውን ያጣሉ።

የሚያስፈልገው ከ8 እስከ 9 ጫማ የሚረዝም፣ ወገቡ ጠንካራ፣ ጫፉ ግን የሚታጠፍ ዘንግ ነው። ርዝመቱ ለሁለት ነገር ይጠቅማል፤ ሰከሩን ከጀልባው ጥላ ያርቃል፣ ሲነጠቅም በአንድ እንቅስቃሴ ብዙ ክር ይሰበስባል። ጫፉ ለምን ይታጠፍ? ጀልባው በማዕበል ሲነሳና ሲወድቅ ግትር ጫፍ ሰከሩን ይጎትተዋል፤ በየጊዜው የሚጎተት ሰከር ይደክማል፣ ላስቲኩም ይበጠሳል። ታጣፊ ጫፍ ማዕበሉን ራሱ ይውጠዋል። ፋይበርግላስ ወይም የፋይበርግላስና የካርቦን ድብልቅ በዚህ ይሻላል፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ከካርቦኑ ያነሰ ነው። ዘንጉ የሚቀመጥበት መያዣ አፉ ክፍት ይሁን፤ ሲነከስ ዘንጉን በአንድ እጅ ማንሳት ካልተቻለ ምን ዋጋ አለው?

ታጣፊው ጫፍ ሌላም አገልግሎት አለው፤ ወሬ ነጋሪ ነው። ሰከር ሙስኪ ሲያይ ይደነግጣል። ቀኑን ሙሉ በዝግታ ሲነቀንቅ የዋለው የዘንጉ ጫፍ ድንገት መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ቶሎ ቶሎ፣ አጭር አጭር። ሰከሩ ወደ ውሃው ገጽ ለመሸሽ ይሞክራል፣ ክሩ ይላላል። ከዚያ ለአፍታ ጸጥ ይላል። ቀጥሎ ክሊከሩ መጮህ ይጀምራል፤ መጀመሪያ አንድ ሁለቴ፣ ከዚያ ሳያቋርጥ። ጀማሪው እዚህ ዘንጉን ይነጥቃል፤ የሰለጠነው ግን መጀመሪያ ሪሉን ዘግቶ ዘንጉን ዝቅ ያደርግና ጀልባውን በኤሌክትሪክ ሞተር ወደ ዓሣው ይነዳል። ክሩ ሲጠቀለል ሲጠቀለል ቀጥ ብሎ ወደ ታች እስኪወርድ ነው የሚፈልገው። ሙስኪው አሁን ከጀልባው ሥር ሰከሩን በአግድም ይዞ ቆሟል፤ ክብደቱ ይሰማል። ወዴት እንደሚያይ ከታወቀ የሚነጠቀው ከፊቱ በተቃራኒ ነው፤ ወደ ፊቱ የሚጎትት መንጠቆውን ከአፉ ያስወጣዋል። አንድ ረጅም፣ ያልተቋረጠ ስበት፤ ከዚያ ሳያላሉ መጠቅለል። ይህ ሁሉ አንድ ደቂቃ ወይም ሁለት ሊፈጅ ይችላል። አሮጌው ዘዴ ከሚያስቀምጠው ሃያ ደቂቃ ጋር ሲተያይ ግን ልዩነቱ የዓሣው ሕይወት ነው።

ከተያዘ በኋላ የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ከዘንጉ ጋር እኩል ዋጋ ይገባቸዋል፤ ብዙ ሰው ግን በመጨረሻ በተረፈችው ገንዘብ ይገዛቸዋል። ጎማ የተቀባ ሰፊና ጥልቅ መረብ፣ ረጅም አፍንጫ ያለው ፒንሳ፣ የመንጠቆ ብረት የሚቆርጥ መቁረጫ። ዓሣው መረቡ ውስጥ ሆኖ፣ መረቡም ውሃው ውስጥ እንዳለ መንጠቆው ይነቀላል፤ እምቢ ካለ አፎቹ ተቆርጠው ይወጣሉ። የመንጠቆ ዋጋ ጥቂት ዶላር ነው፤ የሙስኪው ዕድሜ አሥራ አምስት ዓመት ሊሆን ይችላል። ፎቶ ለማንሳት ከተፈለገ አንድ እጅ ከመንጋጋው ሥር፣ ሌላው ከሆዱ ሥር ሆኖ በአግድም ይያዝ፤ በመንጋጋው ብቻ ተንጠልጥሎ የተነሳ ትልቅ ሙስኪ የውስጥ አካሉ ይጎዳል።

ስለ ሰከሩ ራሱ ጥቂት። ከቧንቧ በተቀዳ ውሃ ውስጥ የገባ ሰከር በክሎሪኑ ይሞታል፤ የሐይቅ ወይም የጉድጓድ ውሃ፣ አየር የሚነፋ ፓምፕና ቅዝቃዜ ያስፈልገዋል። ግን የአንዱን ሐይቅ ውሃ ወደ ሌላው መውሰድ በሕግ ያስቀጣል፤ ምክንያቱም ዋዛ አይደለም። ቪኤችኤስ የተባለው የዓሣ ቫይረስ ከ2005 ወዲህ በታላላቆቹ ሐይቆችና በሴንት ሎረንስ ወንዝ ሲዛመት ከጎዳቸው ዓሦች መካከል ሙስኪ ይገኝበታል። ከሌላ ግዛት የቁም ማጥመጃ ጭኖ ሚኒሶታ መግባትም ክልክል ነው። ዊስኮንሲን ገዝቶ ድንበሩን የሚሻገር ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ከዓሣ ጥበቃ ሠራተኛ ጋር አይነጋገርም።

የክር ብዛቱም እንዲሁ በግዛት ይለያያል፤ ይህ ደግሞ ተመልሶ የዕቃ ምርጫውን ይነካል። ዊስኮንሲን ለአንድ ሰው ሦስት ክር ትፈቅዳለች፤ ስለዚህ እዚያ አጥማጁ አንድ ማታለያ እየወረወረ ሁለት ሰከር ከጀልባው ጎን ያስከትላል፣ ክሊከር ያለው ሪልም ግዴታ ይሆናል። በሚኒሶታ ክፍት ውሃ ላይ የተለመደው ሕግ ለአንድ ሰው አንድ ክር ስለሆነ ብቻውን የወጣ ሰው ወይ ይወረውራል ወይ ሰከሩን ይጠብቃል። ዘንጉን በእጁ ይዞ ከተቀመጠ ክሊከር ባይኖረውም ይችላል፤ እዚያ ላይ ቀለል ያለ ሪል መግዛት ምክንያት አለው። ደንቡ በየዓመቱ ስለሚታደስ ፈቃድ ሲወጣ የሚሰጠውን መጽሔት ማንበብ ነው።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ በሱቅ መብራት ሥር ማንም የማያስበው። ኖቬምበር ሲጋመስ ጉንጉን ክር ውሃ ይዞ ይወጣል፤ ውሃው በዘንጉ ቀለበቶች ላይ ይረጋና በረዶ ይሆናል። ትናንሽ ቀለበት ያለው ዘንግ ጥቂት ቆይቶ ይዘጋል፤ ክሩ አይወጣም፣ አይገባም፣ ክሊከሩም ዝም ይላል። ስለዚህ ዘንግ ሲመረጥ ከጫፉ አንስቶ ቀለበቶቹ ሰፋፊ መሆናቸው ይታይ። በረዶው ሲይዝ በጥፍር ወይም በቢላ ከመፋቅ ይልቅ ዘንጉን እስከ ወገቡ ሐይቁ ውስጥ አስገብቶ ጥቂት መጠበቅ ይሻላል፤ ሐይቁ ከአየሩ ይሞቃል። በሚኒሶታ የሙስኪ ወቅት ዲሴምበር 1 ይዘጋል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት እንዲህ ናቸው፣ ትልልቆቹ የሚነክሱትም ብዙውን ጊዜ ያኔ ነው።